እኔና እህቴ በአንድ ሕመም

እኔ ታምሜ የዳንሁ ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ አትጠገብ በዚያው ሕመም ታማ፣ በዚያው መድኃኒት ታክማ እንደ እኔ ሳትሆን ቀረች። ልዩነቱ ለብዙ ጊዜ የእሷ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። መምሰል ብቻም አይደለም፣ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ እኔ ያልሁትን እንዳትሉ ነው። ብላችሁትም ከሆነ፣ ለመመለስ እንደ እኔ እንዳትዘገዩ።

የራሴን ላስቀድም። ደብረ ኤልያስ ሒሳብ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀጥሎ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚሳቀው ሳቅ ሁሉ በእኔ ላይ የሚሳቅ መሰለኝ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከበስተኋላዬ የሆነ ሰው በስሜ እየጠራ "ይበልጣል፣ ተሳስተሃል፤ አጥፋው" ይለኝ ጀመር። ዞር ስል ተማሪዎቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ። አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ እንደገና አጠፋዋለሁ። አንድ ቀን አንዲትን ስሌት ስጽፍና ስደመስስ ደወል ተደወለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ በሐዘኔታ አየችኝና "መምህር፣ የመጀመሪያውም እኮ ልክ ነበር" አለችኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ወደዚያ ክፍል የተመለስሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

አንዱ የግል ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። በእነሱ አልፈርድም፤ ድምፅ እንደምሰማ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም ነበርና። ራሴን ያመኛል፣ ምግብ አይበላልኝም፣ ይኸው ነበር የምናገረው። እናቴ ከደምበጫ ገጠር መጥታ ጸበል ወሰደችኝ። ሁለት ሳምንት እንደሰነበትን የጸበሉ አጥማቂ አባት ለብቻዬ ጠሩኝ። "ልጀ፣ ጸበሉን አትተው፤ ነገር ግን ሐኪም ቤትም ሂድ። ሁለቱን የሚያጣላቸው ነገር እኔ አላየሁም" አሉኝ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስንደርስ አንዲት ነርስ ምንም ሳታመነታ "ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል?" ብላ ጠየቀችኝ። አለቀስሁ። የሚጠይቀኝ ሰው መገኘቱ ነው ያስለቀሰኝ። የሕመሙን ስም ስኪዞፍሬኒያ አሉት፤ ሰው የሌለውን ድምፅ እውነት አድርጎ የሚሰማበት፣ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ የሚያምንበት ሕመም ነው ብለው አስረዱኝ። ኪኒን ጀመርሁ። ድምፁ ባንዴ አልጠፋም። ሬዲዮ የያዘ ሰው መንገዱን ይዞ እየራቀ ሲሄድ እንደሚሆነው እየደከመ፣ እየደከመ፣ አንድ ቀን ጠዋት አለመኖሩን አስተዋልሁ። ከዚያ ተመልሼ አስተማርሁ። ስሌቱም፣ ማስታወሱም፣ ፍጥነቱም እንደ ድሮው ሆነልኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው በጸጸት የምጽፈው።

መዳኔ አኮራኝ። መድኃኒት ለመውሰድ በየወሩ ስሄድ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሌሎቹን እመክር ነበር። ነርሶቹም "እስኪ ንገራቸው" ይሉኛል። "እዩኝ" እላለሁ፤ "እንደናንተ ነበርሁ። ኪኒኑን በሰዓቱ ውጡ፣ ራሳችሁን አበርቱ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።" አንድ ቀን አንድ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ የተቀመጠ ልጃቸውን እያሳዩ "የእኔም ልጅ እኮ ኪኒኑን በሰዓቱ ነው የሚውጠው። ድምፁም ትቶታል። ግን እንዳንተ አልሆነም። አንድ ነገር ስልከው ሲመለስ ሌላ ሆኖ ነው የሚመለሰው" አሉኝ።

"እርግጠኛ ነዎት መዋጡን?" አልኋቸው። "አንዳንዱ ምላሱ ሥር ይደብቀዋል።"

ሰውየው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ልጁም ሰምቷል። በዚያን ጊዜ ጥሩ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

አምስት ዓመት እንዳለፈ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ፣ አትጠገብ ደግሞ እዚያው ኮሌጅ ገብታ የመምህርነት ትምህርት ትማር ነበር። ሁለት ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ "አያ" ነው የምትለኝ፤ በእኛ አገር ታላቅ የሚጠራበት ነው። ምላሷ ፈጣን፣ ሳቋ ፈጣን፣ እኔ አንድ ቃል ሳልጨርስ እሷ የምትጨርስልኝ ልጅ ነበረች። አንድ ሰሞን እኔ የሠራሁትን ምግብ አልበላም አለች። ከዚያ ማታ ማታ በሩን ከፍታ ግቢውን ታያለች፤ "ማን ነው የሚያወራው?" ትለኛለች።

ነገሩን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ታይፎይድ የለ፣ ጨጓራ የለ፣ በሦስተኛው ቀን እጇን ይዤ ሕክምና ወሰድኋት። ያው በሽታ ነው አሉ፣ ያንኑ ኪኒን ሰጧት። በሁለት ወር ድምፁ ቆመ። እናቴ ስትሰማ መሬት ስማ "ተመስገን፣ ሁለተኛ ልጀንም መለሰልኝ" አለች። እኔም በልቤ ራሴን የሐኪሙን ያህል አመሰገንሁ።

ነገር ግን አትጠገብ አልተመለሰችም።

ድምፁ ጠፍቷል፤ ፍርሀቱም ጠፍቷል። ትጠይቃታለህ፣ መልሱ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ እኔው መልሼ ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሼ። ሱቅ ሄዳ ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት እንድታመጣ ስነግራት ክብሪት ይዛ ትመጣለች። ወተት ጥዳ ልብስ ለማስገባት ትወጣለች፤ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱ እስኪጠፋ ልብሱ ጋ ናት። ጎረቤት ሲመጣና ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ ፊቷ ይጠቁርና ወደ ጓዳ ትገባለች።

"ክፍል ውስጥ ምን እየሆነ ነው?" አልኋት አንድ ቀን።

ቆይታ "አያ፣ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ቀና ስል አስተማሪው ሦስተኛው ላይ ደርሷል" አለችኝ። "ሁለተኛው የት እንደሄደ አላውቅም።"

ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚናገር በሽተኛ አላጋጠመኝም። የሆነችውን አንድ ሳታስቀር ነግራኛለች። የእኔ መልስ ምን ነበር? "ፍጠኚያ!"

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አስጠናት ጀመር። ስልኬን አጠገቧ አቁሜ ሰዓት እይዝባታለሁ። ጥያቄ እጠይቃታለሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ "አለቀ" እላታለሁ። አንዳንዴ "አለቀ" ካልሁ በኋላ ትክክለኛውን መልስ ትናገር ነበር። "ፈተና ላይ ማን ይጠብቅሻል?" እያልሁ አልቆጥርላትም ነበር። አስተማሪ ነኝ እኮ። የዘገየ መልስና የሌለ መልስ አንድ እንዳልሆነ ከማንም በፊት እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ወደቀች። ደግማ እንድትማር ቢሮ ለቢሮ ዞሬ አስፈቀድሁላት። እሷ አልጠየቀችኝም። "ይቅርብኝ ይሆን አያ?" ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ደግማ ወደቀች።

ሁለተኛው ውጤት የተለጠፈው በሰኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ወረቀቱን አይቼ ቤት ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። ያልሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"እኔም ታምሜ ነበር። አንድ በሽታ፣ አንድ ኪኒን። እኔ ተነሣሁ። አንቺ ግን ሕመምሽን ወደድሽው።"

እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። አየችኝ። ልትናገር አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ሳልጠብቃት በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኪኒኑን መዋጥ አቆመች። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በእሷ ቤት የሚያዘገያት ኪኒኑ ነው፤ ከተወችው ትፈጥናለች፤ ከፈጠነች ሕመሟን እንዳልወደደችው አውቅላታለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በነሐሴ ፊቷ ፈካ አለ። ቶሎ ትመልሳለች፣ ማልዳ ትነሣለች፣ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ታጸዳለች። ደስ አለኝ። ትከሻዋን መታ አድርጌ "አየሽ? ስትፈልጊ ትችያለሽ" አልኋት። ሕመሙ እየተመለሰ ነበር። የስንት ዓመት መካሪ፣ ራሴ ያለፍሁበትን የመጀመሪያ ምልክት ቆሜ አጨበጨብሁለት።

መስከረም ሲገባ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ሴት "የአትጠገብ ወንድም ነህ? ደጀን ናት፤ ቶሎ ድረስ" አለችኝ። ጠዋት ቤት ትቻት ወጥቼ እሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳለች።

ደጀን ስደርስ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት አጠገብ፣ የሴትየዋን ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። ጫማ የላትም። ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ እኔን አየችኝ ግን አላወቀችኝም። ሴትየዋ እጇን አልለቀቀችም።

"ወደ ሸለቆው ቁልቁል በአስፋልቱ መሀል ነበር የምትሄደው" አለችኝ። "መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፣ እሷ አትሰማም። ሮጬ ያዝኋት። ውኃ ስጭኝ አለች፤ ሰጠኋት። ከዚያማ ማን ይለቃታል? ስልክህን ቁጥር በቁጥር ነገረችኝ፤ ስትፈልገው ብዙ ቆየች፣ ግን አንድ አልሳተችም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወንድሜ ይቆጣል እያለች ስታለቅስ ነበር። እባክህ አትቆጣት" አለችኝ።

የማላውቃት ሴት ናት። ገበያዋን ትታ ግማሽ ቀን እህቴን ይዛ ተቀምጣለች። ምን ብዬ እንዳመሰገንኋት አላስታውስም። "አልቆጣም" ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ።

አትጠገብ ተኝታ ታከመች። እንደ መጀመሪያው በሁለት ወር አልሆነም፤ ዘገየ። እናቴ ከደምበጫ መጥታ ከእሷ ጋር ሰነበተች። እኔ ከሥራ በኋላ እየሄድሁ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ምን እንዳልኋት ግን ታውቃለች። አንዴ ብቻ ፊቴን ሳታይ "ቃል እኮ ልጀ፣ ለጤነኛም ይከብዳል" አለች።

አትጠገብ ድምፁ ጋብ ሲልላት አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ልታነጋግረን ጠራችን። ራሄል ትባላለች፤ ወጣት ናት። ዶክተር ስንላት "ዶክተር አይደለሁም፣ ራሄል በሉኝ" ትላለች። ለብቻዬ ስታገኘኝ ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላ እንኳ ምን እንዳልኋት ልናገር። "በሽታው ተመልሶባት ነበር፤ እሱ ገባኝ። ከዚያ በፊት የነበረው ግን ስንፍና ነው። ምከሪልኝ" አልሁ።

"ስንፍና መሆኑን በምን አወቅህ?"

"እኔም ይኸው በሽታ ነበረብኝ፤ እኔ እንደዚያ አልሆንሁም።"

"አንድ የሆነው ስሙ ነው" አለች። "ብዙ ሰው በአንድ ስም ታሞ፣ አንዱ ማስታወስ ይቸግረዋል፣ አንዱ መፍጠን፣ አንዱ ማቀድ። አንዳንዱ ደግሞ ብዙም አይነካም። ድምፁን የሚያቆመው መድኃኒት እነዚህን ሁሉ አይመልስም። የቱ እንደተነካ ሳንለካ ሰነፍ ናት ማለት፣ ዐይኗን ሳንመረምር ፊደል አታውቅም እንደ ማለት ነው።"

ከዚያ ስለ ምርመራው አስረዳችን። መርፌ የለው፣ ማሽን የለው፤ ወረቀት፣ እርሳስና ጥያቄ ነው። ትኩረትን፣ ማስታወስን፣ የአስተሳሰብን ፍጥነትና ማቀድን ለየብቻ ያያል። አትጠገብ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ "ፈተና በቃኝ" አለች።

"የሚወድቅበት የለም" አለቻት ራሄል።

"እንደዚያ ይላሉ" አለች እህቴ።

ያን ጊዜ "እኔም እመረመራለሁ" አልሁ። ደግ ወንድም መስዬ ነበር። ውስጤን ካያችሁት ግን ሌላ ነው፤ ሁሉንም ልክ ሠርቼ፣ ከተነሡ የት እንደሚደረስ ላሳያት ነበር ሐሳቤ።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። ራሄል የቃላት ዝርዝር ታነብልኛለች፣ የያዝሁትን እደግምላታለሁ። ቁጥር ትነግረኛለች፣ ከኋላ ወደ ፊት እመልስላታለሁ። ወረቀት ላይ የተበተኑ ቁጥሮችና ፊደሎችን ከአንድ ወደ ሀ፣ ከሀ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ለ እያልሁ በእርሳስ አያያዝሁ። መስመር የበዛበት ሥዕል ገለበጥሁ። ፈጣን ነበርሁ፤ መፍጠኔንም አውቄዋለሁ። በመጨረሻ ካርድ አስደረደረችኝ። ደንቡን አልነገረችኝም፤ ልክ ስሆን "ልክ ነው"፣ ስሳሳት "አይደለም" ትላለች፣ ደንቡን ራሴ ማግኘት አለብኝ። በቀለም መሆኑን ወዲያው ደረስሁበትና እየደረደርሁ ሳለ "አይደለም" አለች። በቀለም ቀጠልሁ። "አይደለም።" እንደገና በቀለም። እሷ የተሳሳተች ነው የመሰለኝ።

አትጠገብ በሁለት ቀን ከፋፍላ ሠራች፤ ስትደክም ራሄል ታሳርፋታለች። ውጭ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ስጠብቅ በሩ ሲከፈት ፊቷን አየሁት። ፈተና ወድቆ የሚወጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሥራ ውሎ የደከመ ሰው ፊት ነው።

በሳምንቱ ሦስታችን ተቀምጠን ራሄል ውጤቱን ነገረችን። ከእህቴ ነው የጀመረችው፤ እኔን ሳይሆን እሷን እያየች።

"አትጠገብ፣ አእምሮሽ ነገር ወደ ውስጥ ሲያስገባ ዝግ ይላል። ሁለት ሦስት ነገር ባንዴ መያዝም ይከብድሻል። አንዱን ስትይዥ ሌላው ይወድቃል። ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የሚጠፋብሽ ለዚህ ነው። ስንፍና አይደለም። ነገር ግን ይኸን እይ፦ ቃላቱን ቀስ ብዬ ደጋግሜ ሳነብልሽ ያዝሻቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስጠይቅሽ የያዝሽውን አልጣልሽም። የገባ ነገር አንቺ ጋ ይቀመጣል። ሥዕሉን ደግሞ ከወንድምሽ የተሻለ ነው የገለበጥሽው።"

አትጠገብ ጣቶቿን አያያዘች። ሁላችንም ጠበቅን። "ስለዚህ እዚህ ውስጥ አለሁ?" አለች ደረቷን ነክታ።

"አለሽ" አለቻት ራሄል።

እናቴ በኋላ ነገሩን ስንነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች።

የእኔ ተራ ሆነ። ማስታወሴም ፍጥነቴም ደኅና ነው። የተቸገርሁት ካርዱ ላይ ነው። "ደንቡ ሲለወጥ የድሮውን መተው ይከብድሃል" አለችኝ ራሄል። "አይደለም ስልህ እንኳ ትቀጥላለህ።"

አትጠገብ ሳቀች። ከዓመት በላይ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። "አያማ" አለች፤ "አይደለም ሲሉት መቼ ሰምቶ።"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ለራሄል ቶሎ ብዬ "እንግዲያ እህቴ ላይ እንደዚያ የጨከንሁት በሽታው አድርጎኝ ይሆናል ማለት ነው?" አልኋት። ባትፈርዱብኝ፣ አዎ እንድትለኝ በጣም ፈልጌ ነበር።

"እኔ የነገርሁህ ስለ ካርድ ነው" አለች። "ለእህትህ ስለ ተናገርኸው ነገር ካርዱ አይመልስልህም።"

ስንወጣ እህቴን አስቀድሜ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ እሷ እያለች መጠየቅ አልቻልሁም። "ባለፈው ኪኒኑን አቁማ ሕመሙ ሲመለስባት፣ ያ ጨምሮባት ይሆን?"

ራሄል ወረቀቶቹን ሰብስባ አስተካከለች። "በፊት የተለካ ነገር ስለሌለ ማወዳደር አልችልም። ያን ጊዜ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ የዛሬውን ከዚያኛው ጋር አስተያየው ነበር። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ሊጎዳ ይችላል። በእሷ ላይ ምን ያህል እንደጎዳ ግን አላውቅም።"

አላውቅም ያለችው እውነት ነው። እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ወደዚያ ሰኔ ተመልሼ ሌላ ነገር ተናግሬ እንደሆነ እግዜር ይቁጠረው። አንድ ቀን "ሁለተኛው የት እንደሄደ አላውቅም" ስትለኝ፣ ፍጠኚ በማለት ፈንታ ቃሏን እንዳለ ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቢሆን ምርመራው ያን ጊዜ ይደረግላት ነበር። ሁለት ዓመት ፈተና ባልወደቀች። ደጀንም ባልሄደች።

ከምርመራው በኋላ የተደረገው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን ቤታችንን ለወጠው። ሐኪሙ የሚያደነዝዛትን መድኃኒት መጠኑን አስተካክሎ ወደ ማታ አደረገላት። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ መናገር፣ መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መናገር ተማርን። የሚበዛው በወረቀት ይጻፋል። ሬዲዮ ተከፍቶ አናወራም። ኮሌጁን ራሷ ተወችው፤ አሁን እናቴ ዘንድ ሆና ደምበጫ አጠገብ አንድ ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። አንድ መደብ ትጨርሳለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ማንም አያጣድፋትም። አሠሪዋ "የትኛው መደብ ምን እንደተዘራበትና መቼ እንደተዘራ መዝገቡ ሲጠፋን እሷን ነው የምንጠይቀው፤ ቆማ ታስባለች እንጂ አትሳሳትም" አሉኝ።

እንደ ድሮዋ አይደለችም። ያች ቃሌን ከአፌ ነጥቃ የምትጨርስ ልጅ አልተመለሰችም፤ ትመለሳለች ብሎ የነገረኝም የለም። ዳነች ስንል ይህን ማለታችን ነው።

እኚያን ጋቢ የለበሱ አባት ይቅርታ ልጠይቃቸው አግዳሚው ላይ በየወሩ እፈልጋቸዋለሁ። አላገኘኋቸውም። ምናልባት ልጃቸውን ሌላ ቦታ ያሳክሙት ይሆናል። ምናልባት ከእኔ ምክር በኋላ ቤታቸው ሌላ ጭቅጭቅ ገብቶ ይሆናል። አሁን እዚያ ስቀመጥ "እዩኝ" አልልም። የታመመውን ሰው ራሱን "ክፉው ድምፅ ከተወህ በኋላ ምን አስቸገረህ?" ብዬ ጠይቄ እስኪመልስ እጠብቃለሁ። የሚመልሱትን ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ብዙዎቹ እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

እናንተም ጠይቁ። ድምፁ ቆሞ፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ እየተወሰደ ሰውየው ከዘገየ፣ ከረሳ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከተበታተነበት፣ ለሐኪሙ ይህንኑ ለይታችሁ ንገሩት፤ የሚመረምር ባለሙያ እንዳለም ጠይቁ። በየቦታው አይገኝም፤ እኛም ያገኘነው በዕድል ነው። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ አታስቁሙም። አንዱን በሽተኛ ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። የዳነውንም ቢሆን አትመኑት፤ እሱ የሚያውቀው የራሱን ሕመም ነው።

ይቅርታ የጠየቅኋት ምርመራው ከተደረገ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ፈርቼ ነው የዘገየሁት። ችግኝ ጣቢያው ድረስ ሄጄ፣ መደቡ ዳር ተቀምጣ አረም ስትነቅል አጠገቧ ቁጢጥ አልሁ። በመንገድ ሳዘጋጀው የመጣሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ ብዙ ነገር ባንዴ እንደማይያዝላት አስታወስሁና አንዱን ብቻ አስቀረሁ።

"ሕመምሽን ወደድሽው ያልሁሽ ውሸት ነበር። ይቅር ትይኛለሽ?"

እጇ አፈሩ ላይ ቆመ። አየችኝ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ልጨምርበት፣ ላስረዳት፣ በእሷ ፈንታ ልመልስላት ምላሴ ደርሶ ነበር፤ ያዝሁት። አንድ ጋሪ በመንገዱ አልፎ ራቀ።

"ጥያቄህን ሰምቸዋለሁ፣ አያ" አለችኝ። "መልሱን እያሰብሁት ነው።"

ከዚያ ወደ አረሙ ተመለሰች። ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፏል። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሄዳለሁ፤ አብሬያት አረም እነቅላለሁ፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላው እናወራለን። ያን ጥያቄ ደግሜ አልጠየቅኋትም።